የዕለቱ መዝሙርና አንድ ምዕራፍ፦ የሱዛና ዌስሊ ሕይወት

በዚህ እትም ሕይወቷን የምንተርክላችሁ ሴት ካረፈች ከ280 ዓመት በላይ የሆናት ሱዛና ዌስሊ ናት። አብዛኞቻችን የምናውቃት በልጆቿ ስም ነው። የሜቶዲስት እንቅስቃሴን የመሠረተው የጆን ዌስሊ፣ በሺህ የሚቆጠሩ መዝሙሮችን የጻፈውም የቻርልስ ዌስሊ እናት ናት። ስለ እርሷ ሲወራ አንድ ነገር አይቀርም፤ ለብቻዋ የምትጸልይበት ክፍል ስላልነበራት ሽርጧን በራሷ ላይ ገልብጣ ትጸልይ ነበር፣ ልጆቹም ያን ጊዜ ጸጥ ይሉ ነበር ይባላል። ደስ የሚል ታሪክ ነው። እኛ ግን እርሷ ራሷ በደብዳቤዎቿ ጽፋ የተወችውን ይዘን መሄድ መረጥን፤ ከሽርጡ የበለጠ የሚጠቅመን እዚያ ውስጥ ስላለ ነው።

ለምን እርሷን እንደመረጥን እንንገራችሁ። በማለዳ ተነሥቶ ስለ መጸለይና መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ማንበብ በመካከላችን ወሬ ሲነሣ የሚሰማው መልስ ሁሌ አንድ ነው፤ ይህ ጊዜ ያላት ሴት ሥራ ነው እንላለን። ሌሊት ተነሥታ እንጀራ የማትጋግር፣ ልጅ አልብሳና አብልታ ትምህርት ቤት የማታደርስ፣ የብድር መክፈያ ቀን ሲቃረብ እንቅልፍ የማያጣት ሴት ትጸልይ እንላለን። ሱዛና ዌስሊ 19 ልጆች ወልዳለች። ባሏ በዕዳ ታስሯል፤ ቤቷ ተቃጥሏል። ልጆቿ በማለዳ ከቁርስ በፊት እንዲያነቡና እንዲጸልዩ ያደረገችበትን ሥርዓት የጀመረችውም ኑሮ ሲደላት ሳይሆን ከቃጠሎው በኋላ ነው።

የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1669 በለንደን ነው። አባቷ ዶክተር ሳሙኤል አነስሊ ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ተለይተው የወጡ፣ የታወቁ ሰባኪ ነበሩ። ለአባቷ 25ኛና የመጨረሻ ልጅ ናት። ገና 13 ዓመት ሳይሞላት በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለውን ክርክር ራሷ መርምራ አባቷ ወደተለዩት ወደ እንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ተመለሰች። አባቷ አልተቆጡም፤ ፍቅራቸውም አልጎደለም። እ.ኤ.አ. በ1688 እንደ እርሷ ወደዚያው ቤተ ክርስቲያን የተመለሰውን ሳሙኤል ዌስሊን አገባች። ሳሙኤል ቄስና ገጣሚ፣ የተማረ ሰው ነበር፤ ገንዘብ አያያዝ ግን አያውቅም። ይህን ያልነው በሐሜት አይደለም፤ የቤታቸው ኑሮ ራሱ ይናገራል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሊንከንሻየር አውራጃ ወደምትገኘው ኤፕወርዝ ሄዱ። ዙሪያው ረግረግ መሬት ነው፤ ሰዉ ድሃና ቁጡ ነበር። ከ19ኙ ልጆች 9ኙ በሕፃንነታቸው ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ1702 ደግሞ ባልና ሚስት በአንድ ጸሎት ምክንያት ተለያዩ። ሳሙኤል በቤተሰብ ጸሎት ላይ ለንጉሥ ዊልያም ሲጸልይ ሱዛና አሜን አላለችም፤ ትክክለኛው ንጉሥ ከዙፋኑ የተባረረው ጄምስ ነው ብላ ታምን ነበርና። ባልየው ሁለት ንጉሥ ባለበት ቤት አንድ አልጋ አይኖርም ብሎ ለወራት ጥሏት ሄደ። እርሷም ሕሊናዬ ያላመነበትን በአፌ አልልም ብላ ጸናች። በዚያው ዓመት ንጉሡ ሞተ፤ ሳሙኤልም ወደ ቤቱ ተመለሰ። በሚቀጥለው ዓመት ጆን ተወለደ። ስለ ሜቶዲስት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ሲያነሡ ፈገግ ይላሉ፤ እኛ ግን ሕፃናት ታቅፋ ለወራት ብቻዋን የቀረችውን እናት እናስባለን።

ከሁሉ የከፋው ዓመት 1705 ነበር። የምርጫ ጊዜ ነውና ሳሙኤል የደገፈው ወገን በከተማው ተጠላ። ተቃዋሚዎች ሌሊቱን ሙሉ በቤቱ አጠገብ ከበሮ ሲመቱ፣ ሲጮኹና ሲተኩሱ አደሩ። ሱዛና ገና አራስ ነበረች። ሕፃኑን የያዘችው ሞግዚት በእንቅልፍ እጦት ደክማ ስለነበር ሳታውቅ ተኝታበት ሕፃኑ ሞተ። ሳምንታት ሳያልፉ ሳሙኤል 30 ፓውንድ ለማይሞላ ዕዳ ተይዞ በሊንከን ግንብ ታሰረ። በአንድ ሌሊት ደግሞ የቤቱን ላሞች ጠላቶች ወግተው ወተታቸውን አደረቁባት። ሱዛና በእጇ ገንዘብ ስላልነበረ ቀለበቶቿን አውልቃ፣ ሸጦ እንዲጠቀምበት ወደ እስር ቤቱ ላከችለት። ሳሙኤል ቀለበቶቹን መልሶ ላከላት። ዕዳው የተቃለለውና እርሱም ከሦስት ወር ያህል በኋላ የወጣው ወዳጆቹ ገንዘብ አዋጥተውለት ነው።

በእነዚያ ዓመታት የዮርኩ ሊቀ ጳጳስ ዳቦ አጥታ ታውቅ እንደሆነ ጠየቋት። መልሷን በራሳችን ቃል እንንገራችሁ። ዳቦ ፈጽሞ አጥቼ አላውቅም፤ ነገር ግን ከመብላቴ በፊት ለማግኘት፣ ከበላሁ በኋላ ደግሞ ለመክፈል ያለው ጭንቀት እንዲህ ከባድ ስለሆነ መብላቱን ራሱ መራራ አድርጎብኛል የሚል ነበር። በማኅበራችን ሳጥን ፊት ተቀምጠን ብድር የቆጠርን ሁላችን ይህን መልስ ያለ አስተርጓሚ እንረዳዋለን።

በዚህ ሁሉ መካከል ቤቷን ትምህርት ቤት አድርጋ ነበር። ልጅ 5 ዓመት በሞላው ማግስት ፊደል ይጀምራል። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ይማራሉ። ፊደሉን በአንድ ቀን እንዲጨርሱ ትፈልግ ነበር፤ ሞሊና ናንሲ ብቻ አንድ ቀን ተኩል እንደፈጀባቸው ጽፋለች፤ ያኔ ልጆቹ ሰነፎች መስለዋት እንደነበርም አልደበቀችም። ፊደል ካለቀ በኋላ ሌላ የማለማመጃ መጽሐፍ የለም፤ በቀጥታ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ነው። እዚህ ላይ የራሳችን አያቶች ትዝ አሉን፤ በአገራችንም ልጅ ንባብ የሚጸናው በመዝሙረ ዳዊት ነበርና።

ከትምህርት ቤቱ ደንቦች አንዱን ለሴት ልጆች እናቶች ሁሉ ማንበብ እንወዳለን። ሴት ልጅ በደንብ ማንበብ ሳትችል የእጅ ሥራ እንድትማር አይፈቀድም ነበር። ልጆች መርፌ ከመጽሐፍ አስቀድመው ስለሚይዙ ነው ብዙ ሴቶች ሲያነቡ ለመስማት የማይመቹት ብላ ታምን ነበር። ይህን የጻፈችው የዛሬ 300 ዓመት ገደማ፣ በገጠር፣ ዕዳ ባለበት ቤት ውስጥ ሆና ነው።

ሁሉንም ነገሯን ግን አንወስድም። ልጆቿ አንድ ዓመት ሲሞላቸው አርጩሜ እንዲፈሩና ሲያለቅሱም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲያለቅሱ ታስተምራቸው ነበር። የልጅ ፈቃድ አስቀድሞ መሰበር አለበት ትላለች። በዘመኑ እንግዳ ነገር አልነበረም። ዛሬ ግን በዚህ ጉዳይ እርሷን አርአያ አድርገን ለማንም አናቀርብም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እ.ኤ.አ. የካቲት 9 ቀን 1709 ከእኩለ ሌሊት በፊት የቄሱ ቤት ተቃጠለ። ሱዛና የመጨረሻ ልጇን ኬዝያን ልትወልድ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቀርተዋት ነበር። በመስኮት መውጣት አልቻለችም፤ እንደ ሌሎቹም መሮጥ አልቻለችም። በነበልባሉ መካከል በእግሯ አልፋ፣ እጇና ፊቷ ተለብልቦ ወጣች። የ5 ዓመቱ ጆን ፎቅ ላይ ተረስቶ ነበር። መሰላል ለማምጣት ጊዜ ስላልነበረ አንድ ሰው በሌላው ትከሻ ላይ ቆሞ በመስኮቱ አወጣው፤ ወዲያው ጣራው ተደረመሰ። ሰው አልሞተም። መጻሕፍቱ፣ የእርሷ ወረቀቶችና ልብሱ ሁሉ ግን አመድ ሆኑ።

ቤቱ እስኪሠራ ልጆቹ በየጎረቤቱና በየዘመዱ ተበተኑ። ለስደተኛ ልጅ በሩን የከፈተ ጎረቤት ይመስገን፤ ነገር ግን እናት በሌለችበት የልጅ ጠባይ እንዴት እንደሚለወጥ ሁላችን እናውቃለን። ሲመለሱ ሱዛና ልጆቿን አላወቀቻቸውም ብንል ማጋነን አይሆንም። ከዚያ በፊት የማያውቋቸውን ዘፈኖች ለምደዋል፤ አነጋገራቸው ሸካራ ሆኗል፤ ሰንበትን ማክበር ቀርቷል። ለዓመታት የገነባችው ነገር ከቤቱ ጋር የተቃጠለ መሰለ።

እንደገና ጀመረች። ትምህርት ሲከፈትና ሲዘጋ መዝሙር መዘመር የተጀመረው ያኔ ነው። ከዚያም የሚከተለውን ሥርዓት አቆመች። በማለዳ፣ ቁርስ ሳይቀርብና ልጆቹ ከቤተሰቡ ጋር ሳይገናኙ፣ የዕለቱን መዝሙራትና ከብሉይ ኪዳን አንድ ምዕራፍ ያነባሉ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ለብቻው ይጸልያል። ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ሲሆን ደግሞ ሁሉም ሥራውን ይተዋል። ትልቁ ልጅ መናገር ከቻሉት ሁሉ ትንሹን፣ ሁለተኛው ቀጣዩን ይዞ ገለል ይልና የዕለቱን መዝሙራትና ከአዲስ ኪዳን አንድ ምዕራፍ ያነብለታል። የዕለቱ መዝሙራት ስንል በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት ለ30 ቀናት ጠዋትና ማታ ተከፋፍሏል ማለታችን ነው፤ በእኛ አገር ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት እንደሚከፋፈለው ማለት ነው። ዛሬ የትኛውን ላንብብ ብሎ የሚያመነታ አይኖርም፤ ቀኑ ራሱ ይነግረዋል።

ይህን ሥርዓት ስናጠና አንድ ነገር አስገረመን። እናትየዋ በየጠዋቱ በእያንዳንዱ ልጅ ራስ ላይ አልቆመችም። ያን ያህል ልጅ ያላት ሴት ያንን ብትሞክር ሳምንት አይዘልቅም ነበር። ንባቡ ሲጀመር የሚያነበው ልጅ ነው፤ ሲያድግ ደግሞ ታናሹን ይዞ ያነብባል። አንዱ ሌላውን ይደግፋል። በእኛ ቡድኖች ውስጥ ሒሳብ መያዝ የቻለችው ያልቻለችውን ከጎኗ አስቀምጣ እንደምታሳያት ዓይነት ነው። ሸክሙ በአንዲት ሴት ጫንቃ ላይ ብቻ ስላልወደቀ ነው ሥርዓቱ የቆየው።

ለራሷስ? የቀሩት የማስታወሻ ደብተሮቿ ገጾች ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ የሚል ርእስ እየተሰጣቸው የተጻፉ ናቸው። ረጃጅም ጽሑፎች አይደሉም። ስለ እግዚአብሔር ያሰበችው፣ ስለ ቁጣዋ ራሷን የገሠጸችው፣ በጭንቀቷ ጊዜ የለመነችው ሁሉ አለበት። በወጣትነቷ ለራሷ የወሰነችውን ሕግ ደግሞ በኋላ ለልጇ ጽፋለታለች፤ በአንድ ቀን ውስጥ ለብቻዋ ለጸሎት ከምትሰጠው ጊዜ የበለጠ ለመዝናኛ ላለመስጠት ነበር። ይህ ሕግ ሰዓት አይቆርጥም። ሩብ ሰዓት ለጸሎት የሰጠች ሩብ ሰዓት ትጫወት ነው የሚለው። ለእኛ ይህ ከብዙ ከባድ ደንብ ይልቅ የሚቻል ሆኖ ታየን።

እ.ኤ.አ. በ1712 ከዴንማርክ ተልከው ወደ ሕንድ ስለ ሄዱ ሚስዮናውያን የሚናገር ታሪክ ትልቋ ሴት ልጅ ኤሚሊ አነበበችላት። ልቧ በጣም ተነካ። ወንድ አይደለሁም፣ ቄስም አይደለሁም፣ ነገር ግን በእጄ ያሉትን ልጆች ከዚህ በበለጠ ማገልገል እችላለሁ ብላ አሰበች። ከዚያ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ልጅ በሳምንት አንድ ምሽት ለብቻው ሰጠች። ሰኞ የሞሊ፣ ማክሰኞ የሄቲ፣ ረቡዕ የናንሲ፣ ሐሙስ የጆን፣ ዓርብ የፓቲ፣ ቅዳሜ የቻርልስ፣ እሑድ ደግሞ የኤሚሊና የሱኪ ነበር። ጆን ትልቅ ሰው ሆኖ በኦክስፎርድ ሲያስተምር እንኳ ያ የሐሙስ ምሽት እንዲመለስለት በደብዳቤ ተመኝቷል።

በዚያው ክረምት ሳሙኤል ለካህናት ጉባኤ ለንደን ስለ ነበር ሱዛና እሑድ ማታ በወጥ ቤቷ ለልጆቿና ለቤት ሠራተኞቿ ስብከት ታነብ፣ ትጸልይም ጀመር። የአንዱ ሠራተኛ ወላጆች መጡ፤ ጎረቤት ተከተለ፤ በመጨረሻ 200 ያህል ሰው ይሰበሰብ ነበር፣ ቦታ ያጡም ይመለሱ ነበር። በቤተ ክርስቲያን የቀረው ረዳት ቄስ ተናድዶ ለባሏ ጻፈ። ሳሙኤልም ቢያንስ ወንድ ያንብብ አለ። ከተሰብሳቢዎቹ ወንዶች ሳይንተባተብ ማንበብ የሚችል እንደሌለ፣ የልጆቿም ድምፅ ለዚያ ሕዝብ እንደማይሰማ መለሰችለት። ማቆም ካለብኝም ምክር አይበቃኝም፤ በእግዚአብሔር ፊት ኃላፊነቱን ራስህ ወስደህ በግልጽ እዘዘኝ አለችው። ትእዛዝ አልሰጠም።

ስለ ሴት ልጆቿ ግን ሳናዝን አናልፍም። ሦስቱ ወንዶች ልጆቿ፣ ታናሹ ሳሙኤል፣ ጆንና ቻርልስ፣ ኦክስፎርድ ገቡ። ሴቶቹ ያው ዕውቀት ነበራቸው፤ የሚገቡበት በር ግን አልነበረም። ገና በልጅነቷ ግሪክኛ ታነብ የነበረችው ሄቲ ከቤት ወጥታ ችግር ላይ ስትወድቅ ከማይመጥናት፣ መጠጥ ከሚወድ ሰው ጋር ተዳረች፤ አባቷም እስኪሞት ይቅር አላላትም። መልካም ሥርዓት ያለበት ቤት ሐዘን አይገባውም ብለን ብንጽፍ እውነት አይሆንም።

ሳሙኤል እ.ኤ.አ. በ1735 ሞተ። በተቀበረበት ቀን የመሬታቸው አከራይ ለ15 ፓውንድ ቀሪ ኪራይ ብላ ከ40 ፓውንድ በላይ የሚያወጡትን ከብቶች ያዘችባት። ዕዳውን ለመክፈል ጆን ዋስ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሱዛና የራሷ ቤት አልነበራትም፤ ከልጅ ወደ ልጅ ስትዘዋወር ቆይታ በመጨረሻ ለንደን ውስጥ ጆን ካደሰው፣ ቀድሞ መድፍ ይቀለጥበት ከነበረው ቤት ገባች። እዚያም ሳለች ቶማስ ማክስፊልድ የሚባል፣ ቅስና ያልተቀበለ ሰው መስበክ ጀመረ ተብሎ ጆን ሊከለክለው ከሩቅ ተቆጥቶ መጣ። እናቱ አስቆመችው፤ ፍሬውን መርምር፣ ራስህም ስማው አለችው። ሰማው፤ አልከለከለውም። የኤፕወርዙን ወጥ ቤት አስታውሳ ይሆን ብለን ጠየቅን።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1742 በ73 ዓመቷ አረፈች። ነፍሷ ስትለይ ልጆቿ የምስጋና መዝሙር እንዲዘምሩ አስቀድማ ለምናቸው ነበርና በአልጋዋ ዙሪያ ቆመው ዘመሩ። ነሐሴ 1 ቀን እሑድ እጅግ ብዙ ሕዝብ በተገኘበት በበንሂል ፊልድስ መቃብር ጆን ቀበራት።

የልጆቿን አስተዳደግ የሚተርከውን ደብዳቤ የጻፈችው ከዚያ 10 ዓመት በፊት፣ ጆን ደጋግሞ ስለ ለመናት ነው። በዚህ መንገድ የሚሄድ ብዙ ሰው ይገኛል ብላ አላሰበችም ነበር፤ ከሕይወቷ 20 ዓመት ያህል እንደወሰደባት ጽፋለች። ጆን ደብዳቤውን ከቀብሯ ታሪክ ጋር በማስታወሻው ውስጥ አሳተመው። ስለ ማለዳውና ስለ ምሽቱ ንባብ የሚናገረው ክፍል በውስጡ ጥቂት መስመር ብቻ ነው።